ከካርዱ በፊት ልጁን እዩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የታክሲ ሹፌር ነኝ። ተራ መጠበቅ ሥራዬ ስለሆነ ወረፋ ብዙም አያስመርረኝም። ባለፈው ወር የገጠመኝ ወረፋ ግን እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

የ9 ወር ልጄን ሦስት ቀን አሳለው። ጉንፋን ነው ብለን ተዘናጋን። በሦስተኛው ሌሊት ጡት እምቢ አለ። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ እናቱ በጋቢ ጠቅልላ ታቅፋው አንድ ሆስፒታል ደረስን። ዘበኛው “መጀመሪያ ካርድ አውጡ” አለን። መስኮቱ ጋ ዘጠኝ ሰው ቀድሞናል። ልጁ ዝም አለ። ተኛልን ብዬ ደስ አለኝ፤ ሞኝነቴን እዩልኝ።

አንዲት ነርስ የደም ናሙና ይዛ ስታልፍ አየችንና ቆመች። ጋቢውን ገለጠች፣ ሹራቡን ወደ ላይ ሰበሰበች። ስልኳ ላይ ሰዓት ከፍታ ደረቱን እያየች መቁጠር ጀመረች። አንድ ደቂቃ ሙሉ። እኔም ያየሁት ያኔ ነው፤ በተነፈሰ ቁጥር ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። 68 ትንፋሽ ቆጠረች። “በሱ ዕድሜ 50 ከደረሰ ፈጣን ነው፤ ዓመት ለሞላው ደግሞ 40” አለችኝ፣ ልጁን ይዛ ወደ ውስጥ እየገባች። ጣቱ ላይ ያደረጉለት፣ በደሙ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ የሚለካው መሣሪያ 84 አለ። ከ90 በታች ከሆነ ኦክስጅን ይሰጠዋል ተባልኩ። ወዲያው ቀጭን ቱቦ በአፍንጫው አደረጉለት። የሳንባ ምች ነበር።

ዘበኛውን አልወቅሰውም፣ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ነርሷ በኋላ እንደነገረችኝ የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ድንገተኛ ሕክምና ሥልጠና ለሐኪም ብቻ የተባለ አይደለም። ዘበኛውም፣ ካርድ የሚያወጣውም፣ የጽዳት ሠራተኛውም የአደጋ ምልክት ይወቁ ይላል። ትንፋሽ የሚያጥረው፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ ሲቀሰቅሱት የማይነቃ ልጅ። ይህን ለመለየት ዲግሪ ምን ያደርጋል? እኔ እንኳ አሁን አውቃለሁ።

እዚያ ሆስፒታል “ትሪያጅ” የሚል፣ ማን ቀድሞ መታየት እንዳለበት የሚለዩበት ክፍል አለ። ያለው ግን ከካርድ መስኮቱ ወዲያ ነው። ምናለ ጠረጴዛውን በሩ ላይ ቢያወጡት? እኛ ወላጆችም ብንሆን ብርድ ይመታዋል ብለን እየጠቀለልን ደረቱን ከራሳችን ጭምር እንደብቀዋለን።

ልጄ በአምስተኛው ቀን ወጣ። ያን ዕለት ካርዱን ያወጣሁት ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነው፤ የልጁ ከንፈር ቀለሙ ከተመለሰ በኋላ።

አንድ አባት፣ ከአዲስ አበባ