መቀስ የረጅም ፀጉር ጠላት አይደለም

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

በሴቶች ዓምዳችሁ ስለ ፀጉር አያያዝ የወጣውን ጽሑፍ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ለተቀመጡት ደንበኞቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ስለ ቅቤው፣ ስለ እሬቱ፣ ስለ አብሹና ስለ እንቁላሉ የተባለው ጥሩ ነው። መጨረሻው ላይ ግን «ፀጉሯን ማስረዘም የምትፈልግ ሴት መቀስ ባታስነካው ይመረጣል» ይላል። ልጆቼን በፀጉር ሥራ ሙያ ያሳደግሁ ሴት ነኝና ይህን አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በአገራችን ባሏ ወይም አባቷ የሞተባት ሴት ፀጉሯን ትላጭ ነበር። መቀስና ምላጭ የሴት ራስ ላይ የሚወጡት ለሐዘን ስለነበር ዛሬም እናቶች መቀስ ሲያዩ ይደነግጣሉ። አልፈርድባቸውም። የፀጉሩ ጠባይ ግን ሌላ ነው።

ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል፣ አንዳንዴም ትንሽ አለፍ ብሎ ያድጋል፤ የሚያድገውም ከሥሩ ነው። እንግዲህ 60 ሴንቲ ሜትር ፀጉር ያላት ልጅ ጫፉ የበቀለው የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ ነው ማለት ነው። ያ ጫፍ ይህን ሁሉ ዘመን ተበጥሯል፣ ተጎንጉኗል፣ በፎን ደርቋል፣ በፒያስትራ ተተኩሷል። ሕይወት የሌለው ነገር ስለሆነ ራሱን አይጠግንም፤ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ወደ ላይ እየወጣ ፀጉሩን ይበጥሰዋል። «ፀጉሬ እዚህ ደርሶ ቆመ» እያሉ የሚመጡ ልጆች አብዛኞቹ ፀጉራቸው ማደጉን አላቆመም፤ ከላይ ባደገው ልክ ከታች እየተበጠሰ ነው። መቀስ እድገቱን አያፈጥነውም፤ «ሲቆረጥ ቶሎ ያድጋል» የሚሉ የሙያ ጓደኞቼም ልክ አይደሉም። የበቀለውን ግን ከመበጠስ ያተርፈዋል።

ባለፈው የሠርግ ወቅት አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር መጣች። ፀጉሯ ወገቧን አልፏል፤ የመጨረሻው ስንዝር ግን ሳስቶ ሳስቶ የአይጥ ጅራት መስሏል። እናትየዋ ገና ከበሩ «ልጄ፣ ካስክ ብቻ ነው፤ መቀስ የሚባል እንዳታነሺ» አሉኝ። ጫፉን ነጭ ፎጣ ላይ ዘርግቼ «እናቴ፣ እስቲ ይመልከቱልኝ» አልኳቸው። እያንዳንዷ ዘለላ ለሁለት፣ ለሦስት ተሰንጥቃለች፤ በፀጉሩ መሃል ፎጣው ይታያል። «አራት ጣት ብቻ ይፍቀዱልኝ» ስላቸው ቅር እያላቸው ፈቀዱ።

አጥቤ፣ ፎን ሳላስነካው በራሱ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። የዚያች ልጅ ፀጉር ማጅራቷ ላይ ዞማ፣ አናቷ ላይ ጥቅልል ያለ ነው። እርጥቡን ስቤ እኩል ብቆርጠው ኖሮ ሲደርቅ የአናቱ ይሰበሰብና የማጅራቱ ተንዘርፍፎ ይቀር ነበር። ስለዚህ እንደ ጥቅልሉ አወራረድ፣ ዘለላ በዘለላ እያነሳሁ ቆረጥኩ። የታቹን መስመር ዙሪያውን አስተካከልኩ። ከፊት ከአገጯ ዝቅ ብዬ ቀስ እያለ የሚወርድ ደረጃ አወጣሁለት፤ ክብደቱ ሲቀልለት ጉንጯ ላይ ተለጥፎ የነበረው ብድግ አለ። ጥርስ ያለውን ማሳሻ መቀስ ጨርሶ አልነካሁም፤ የሳሳን ፀጉር በእሱ ማሳሳት ማበላሸት ነው። ስጨርስ እናትየዋ ፀጉሩን እየዳሰሱ «ሂውማን ሄር ጨመርሽበት እንዴ?» አሉኝ። ምንም አልጨመርኩም። ሰው ረጅም ፀጉር ሲያይ ዓይኑ የሚያርፈው ጫፉ ላይ ነው፤ ጫፉ ከሞላ ሁሉም የሞላ ይመስላል። ርዝመቱም ቢሆን አሁንም ወገቧ ላይ ነበር።

ጥፋቱ ግን የእናቶች ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው። በብዙ ፀጉር ቤት ደንበኛዋ የምትከፍለው ለሹሩባው፣ ለካስኩና ለፎኑ ነው፤ «ጫፉንም ነካ አድርጊልኝ» የሚባለው በምርቃት ነው። በምርቃት የሚሰጥ ሥራ ማን ተጨንቆ ይማረዋል? የሂውማን ሄር ክር የተቆረጠበት፣ የሻምፖ ከረጢት የተቀደደበት መቀስ ተመልሶ የሰው ፀጉር ላይ ይወጣል። የደነዘ መቀስ ፀጉርን አይቆርጥም፤ ያኝከዋል፤ የታኘከው ጫፍ ብዙ ሳይቆይ እንደገና ይሰነጠቃል። ከዚያ «አስቆርጬ ባሰብኝ» ይባላል፤ እውነትም ብሶባታል። ይህ በጣም ያበሳጨኛል። የውበት ሙያ የሚያሠለጥኑ ተቋማት ለመቀስ ሥራ የራሱ በቂ ሰዓት ሊሰጡት ይገባል፤ ሹሩባ አሳምራ የምትሠራ ልጅ የመቀስ አያያዝ ሳታውቅ መመረቅ የለባትም።

ለአንባቢዎቻችሁም ይህን ብትጽፉላቸው ደስ ይለኛል፦ ፀጉሯን በተፈጥሮው የምትለቅ ሴት ፒያስትራ ተደርጎ ባለበት አታስቆርጥ፤ ከመቀመጧ በፊት መቀሱ ለፀጉር ብቻ የሚያገለግል መሆኑን ትጠይቅ፤ በሦስት በአራት ወር አንዴ ጫፉን ብታስነካ ይበቃታል። የሚቆረጠውንም ልክ በጣቷ ታሳይ።

የዓምዱ አዘጋጅ ወደ ደሴ ብቅ ካለች ፎቶግራፍ አንሺ ይዛ ብትመጣ በሥራ ላይ ሆኜ አሳያታለሁ። ሰኞና ማክሰኞ ደንበኛ ስለሚቀንስ ይመቸኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ፀጉር ሠሪ፣ ከደሴ