ለገንዘብ ሚኒስትሩ፦ ለውጭ ደንበኛ ለምንሰራ ሰዎች ማን እንደሆንን የሚገልጽ ወረቀት ይሰጠን

ክቡር ሚኒስትር፣

ይሄን የምጽፍልዎት አዲስ አበባ ቁጭ ብለው ለውጭ ሀገር ደንበኛ ሶፍትዌር ከሚሰሩት፣ ዲዛይን ከሚያደርጉት፣ ከሚተረጉሙት፣ ሂሳብ ከሚይዙት ልጆች አንዱ ሆኜ ነው። ጉዳዩ ብሔራዊ ባንክንም ገቢዎች ሚኒስቴርንም ስለሚነካ ለነሱም ግልባጩ ቢደርስ ደስ ይለኛል። ግብር ይቅርልን አልልም። ግብር እንክፈል፣ ዶላሩንም በባንክ እናስገባ፣ ግን መጀመሪያ በሕግ ማን እንደሆንን ይታወቅልን ነው የምለው፣ ምክንያቱም ባንክ ጋም፣ ግብር ጋም፣ ኤምባሲ ጋም የሚያስቸግረን ተመሳሳይ ነገር ነው።

ከባንኩ ልጀምር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፣ ይሄን አለመመስከር ነውር ነው። እዚህ የሚኖር ኢትዮጵያዊም ከውጭ በሚላክለት ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ አካውንት ከፍቶ ለጉዞ፣ ለትምህርት፣ ለመሳሰለው እንዲከፍልበት ተፈቅዷል። ከዛ በፊት ይሄ ለኛ የማይታሰብ ነበር። ግን በቅርቡ በርሊን ካለ ደንበኛዬ ክፍያ ሲገባልኝ ባንኩ (ስሙን አልጠራም፣ ሌላውም ጋ ያው ነው) የተላከበትን ምክንያት ጠየቀኝ፣ እኔም ኢንቮይሱንና ውላችንን ፕሪንት አድርጌ አቀረብኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና የአገልግሎት ኤክስፖርት ከሆነ ንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ከሌለህ ግን «የቤተሰብ ድጋፍ» በሚለው ልሙላልህ አለችኝ፣ ልትረዳኝ ፈልጋ ነው፣ በሷ አልፈርድም፣ ፎርሙ ላይ እኔን የሚገልጽ ሌላ ቦታ የለም። ስለዚህ አንድ የጀርመን ኩባንያ ለሰራሁለት ስራ የከፈለው ገንዘብ መዝገብ ላይ የቤተሰብ ድጋፍ ሆኖ ተቀመጠ። ክቡር ሚኒስትር፣ ስንቱ ሰው በዚህ መንገድ እንደሚያልፍ ያስቡት። ሀገሪቱ እውቀት ሸጣ ያገኘችው ዶላር ሐዋላ ተብሎ ይቆጠራል፣ ከዛ እናንተ ፖሊሲ ስታወጡ እኛ ቁጥሩ ውስጥ የለንም።

ታዲያ ንግድ ፈቃዱን ለምን አታወጣም ይሉኝ ይሆናል። ሞክሬአለሁ። የተጠየቅኩት የንግድ አድራሻ የኪራይ ውል ነበር፣ እኔ ደግሞ የምሰራው በምኖርበት ኮንዶሚኒየም መኝታ ክፍሌ ውስጥ በላፕቶፕ ነው፣ አከራዬ ደግሞ ለንግድ ነው የሚል ነገር ሲሰማ ነገ ግብር ይቆለልብኛል ብሎ አይፈርምም፣ እሱም ልክ ነው ከሱ አንጻር። ቢሮ ልከራይ ብል ደንበኛዬ አንድ ቀን እንኳን ለማይረግጠው ቢሮ በየወሩ ልከፍል ነው። ሱቅ ለሚከፍት ሰው የተሰራ አሰራር ነው፣ ሱቅ ለሌለው ሰው አይሆንም።

አሁን ግብሩ። በ2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነጻ የሆነውን የወር ደሞዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ማድረሱ ጥሩ ነው። ለኛ ግን የሚከብደው ሌላ ቦታ ላይ ነው። በወር 1,500 ዶላር የሚያገኝ ልጅ እንውሰድ፣ በዓመት 18,000 ዶላር ነው። ዶላር 57 ብር በነበረበት ጊዜ ይሄ 1,026,000 ብር ነበር፣ አሁን በ140 እንኳን ብናሰላው 2,520,000 ብር ይሆናል። ስራው አልጨመረም፣ ደንበኛውም ያው ነው፣ ግን 2 ሚሊዮን ስላለፈ ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ነው ማለት ነው፣ ሙሉ የሂሳብ መዝገብ ይዞ፣ አካውንታንት ቀጥሮ፣ ወጪውን በደረሰኝ አስረድቶ። ወጪው ደግሞ ምንድነው? የሰርቨር ኪራይ፣ የፊግማ (የዲዛይን መስሪያ) ክፍያ፣ የጊትሃብ (የኮድ ማስቀመጫ) ክፍያ፣ ሁሉም ከውጭ በኢሜይል የሚመጣ ደረሰኝ ነው። አንዳንዱንማ በራሱ ካርድ መክፈል ስለማይችል አሜሪካ ያለ ወንድሙ ነው የሚከፍልለት፣ ስለዚህ ደረሰኙ በልጁ ስም እንኳን አይወጣም። ወጪው ካልተያዘለት ባላተረፈው ገንዘብ ላይ ነው እስከ 35 በመቶ የሚታሰብበት። በፒዲኤፍ የመጣ የውጭ ደረሰኝ በምን ሁኔታ ተቀባይነት እንዳለው ግልጽ ሰርኩላር ይውጣልንና ሁሉም ቅርንጫፍ በአንድ ቋንቋ ያውራ።

ደንበኛው ሀገርም የሚቆረጥ አለ። ለምሳሌ ኬንያ ያለ ኩባንያ ነዋሪ ላልሆነ ባለሙያ ሲከፍል 20 በመቶ ለመንግስቱ ይቆርጣል። የኛ የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ነዋሪ ከውጭ ያገኘውንም ገቢ ግብር ያስከፍላል፣ እዛ የከፈለውን ደግሞ እዚህ እንዲካካስለት ይፈቅዳል። ሕጉ ጥሩ ነው፣ ግን በግሉ ለሚሰራ አንድ ሰው ምን ማስረጃ ይዞ የትኛው ዴስክ ጋ እንደሚሄድ የሚነግረው የለም፣ ስለዚህ ሁለቴ ከፍሎ ዝም ይላል ወይ ደግሞ ጭራሽ አያሳውቅም።

በጣም የሚያመኝ ግን ቪዛው ነው። የበርሊኑ ደንበኛዬ ፕሮጀክቱ ሲጀመር ለሁለት ሳምንት መጥተህ ከቲሙ ጋር ተቀመጥ አለኝ፣ የግብዣ ደብዳቤም ላከ። ለስብሰባ ብቻ ነው፣ የቢዝነስ ቪዛ ስራ እንደማያሰራ አውቃለሁ። ማስረጃ የተባለው ደግሞ የአሰሪ ደብዳቤ፣ የፈቃድ ደብዳቤ፣ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የባንክ ስቴትመንት ነው። አሰሪ የለኝም። ንግድ ፈቃዱ የቀረው ከላይ ባልኩት ምክንያት ነው። ስቴትመንቴ ሲታይ ደግሞ በየወሩ «የቤተሰብ ድጋፍ» ይላል። የኔን ፋይል የሚያይ ሰው ስራ የሌለው፣ ከውጭ በሚላክለት የሚኖር፣ ከሄደ የማይመለስ ልጅ ነው የሚታየው። ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ የአውሮፓ ህብረት በኛ ላይ አጥብቋል፣ የሼንገን ቪዛ ማየት ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ሄዷል፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቆሟል፣ ይሄ በዜጎች መመለስ ጉዳይ ላይ የመጣ የመንግስታት ንግግር ነውና እኔ ልፈታው አልችልም። ግን እዚሁ ሀገር ውስጥ ያለው ወረቀት ቢስተካከል ቢያንስ ያለኝን ስራ አለኝ ብዬ ማሳየት እችል ነበር።

በዛው በሐምሌ 2016 የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠና ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር ተጀመረ። እህቴም ሰርተፍኬቱን ወስዳለች፣ ፕሮግራሙን እወደዋለሁ። ይሄን ሁሉ ልጅ የሚቀጥር ኩባንያ ግን እዚህ የለም፣ አብዛኛው አፕወርክ የሚባለው የኦንላይን ስራ መፈለጊያ ላይ ነው የሚወጣው፣ ያኔ እኔ የቆምኩበት መስኮት ጋ ይቆማል። ፔይፓል (በኦንላይን ገንዘብ መላኪያና መቀበያ) እዚህ መላክ እንጂ መቀበል አያስችልም፣ ኬንያዎች ግን ከ2018 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የፔይፓል ገንዘባቸውን ወደ ኤምፔሳቸው ያስገባሉ። ልጁ አማራጭ ሲያጣ ዶላሩን ዱባይ ያለ ጓደኛው አካውንት ላይ ያስቀምጠዋል፣ ከዛ በጥቁር ገበያ ይመነዝረዋል። ልጁ ሀገሩን ስለማይወድ አይደለም፣ በሕጋዊ መንገድ ለመግባት ሲሞክር ስለተመለሰ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ በፋይዳ ቁጥርና በቲን ብቻ፣ ያለ ቢሮ ኪራይ ውል፣ ኦንላይን የሚወጣ የግል ባለሙያ ምዝገባ ይኑር። ባንኮች የዚህን ሰው ገቢ በአገልግሎት ኤክስፖርት እንዲመዘግቡ ከብሔራዊ ባንክ ይታዘዙ። ግብሩ ወጪ በማስረዳት ከሚያሰቃየን ከጠቅላላ ገቢው ላይ ትንሽ ፐርሰንት ቢሆን፣ ባንኩ ክፍያው ሲገባ ቆርጦ ቢያስገባ፣ እኔ በበኩሌ ነገ ጠዋት እመዘገባለሁ። በዓመቱ መጨረሻም የከፈልነውን የሚያሳይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ክሊራንስ ይሰጠን፣ ኤምባሲ የምናቀርበው እሱን ነው።

መመሪያውን የሚያዘጋጁት ባለሙያዎች ኢንቮይሳችንንና ስቴትመንታችንን በአይናቸው ማየት ከፈለጉ ይዘን እንመጣለን፣ ሐምሌ ላይ ግብር ማሳወቂያው ሳይጀመር ቢሆን ደግሞ ለዘንድሮም ይደርስልናል።

ከአክብሮት ጋር፣
በግሉ የሚሰራ የሶፍትዌር ባለሙያ፣ አዲስ አበባ