ደም ሰጥቶ ያለፈው ሙዚቀኛ

ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጠፋህ እንዳትለኝ፣ አንተም ጠፍተሃል። ቴሌግራም ላይ የመጨረሻው መልእክታችን «እሺ ማታ እደውላለሁ» ይላል። ማን እንደጻፈው ገብተህ እየው።

ፐርዝ ያው ፐርዝ ናት። ሩቅ፣ ጸጥ ያለች፣ ፀሐይ የማይጠፋባት። ሥራ አለ። ልጆቹ እያደጉ ነው፣ አማርኛቸው ግን እንደ ቁመታቸው አልሆነም። የቤቱን ወሬ ስንደዋወል እነግርሃለሁ። ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ጉዳይ ይዤ ነው። ካየሁት ጀምሮ ይህን ለእሱ ሳልነግር አይሆንም እያልኩ ነበር። ሙዚቃ ከጣት ነው የሚወጣው ወይስ ከነፍስ እያልክ ክራርህን ታቅፈህ ሌሊቱን ሙሉ ታደርቀን የነበርከው አንተ ነህና።

እዚህ ከተማ የምዕራብ አውስትራሊያ የሥነ ጥበብ ጋለሪ አለ። በ2025 «ሪቪቪፊኬሽን» የሚባል ሥራ አሳየ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ።) ግድግዳው ላይ 20 ትልልቅ የናስ ሰሌዳዎች ተሰቅለዋል፣ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ። በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሱ መምቻዎች አሏቸው። አንዱ ይመታል፣ ድምፁ እየረዘመ ይሄዳል፣ ሳያልቅ ሌላው ይነሳል። ምት ልያዝ ብትል አይያዝልህም። መሀል ላይ ከፍ ያለ መቆሚያ አለ። ጎንበስ ብለህ በማጉያ መነጽሩ ስታይ ጥቃቅን ነጫጭ ነገሮች ይታዩሃል። መቺዎቹ እነሱ ናቸው።

ከአንድ ሰው ደም ተነስተው የበቀሉ የአንጎል ሕዋሳት ናቸው። ሰውዬው አልቪን ሉሲየር ይባላል፣ አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ። በ2021 በ90 ዓመቱ አረፈ። ደሙን የሰጠው ግን በ2020 ነው፣ በሕይወት እያለ፣ ወዶና ፈቅዶ። ሥራውን የሠሩት አርቲስቶቹ ጋይ ቤን-አሪ፣ ናታን ቶምፕሰን እና ማት ጊንጎልድ ናቸው። የነርቭ ተመራማሪው ስቱዋርት ሆጅትስም አብሯቸው አለ። ሽማግሌው በዙም እያወራ አብሯቸው አቅዷል።

ሌላ ሰው ቢሆን የፈረንጅ እብደት ብዬ አልፈው ነበር። ሉሲየር ግን ነገሩን የጀመረው ገና በ1965 ነው። ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ጭንቅላቱ ላይ ኤሌክትሮድ ተለጠፈለት፣ ዓይኑን ጨፈነ። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲረጋጋ አንጎሉ አልፋ የሚባል ሞገድ ያወጣል። ያንን ሞገድ አጉልተው ወደ ድምፅ ማጉያዎች ላኩት። ማጉያዎቹ ሲንቀጠቀጡ አጠገባቸው ያሉትን ከበሮዎችና ጸናጽሎች አንጫጯቸው። ሰውዬው እጁን አላነሳም። እንዲያውም ለመጫወት ከጓጓ ሞገዱ ይጠፋል፣ መተው አለበት። አንተ መተው የምትችል አይመስለኝም!

እንግዲህ ከዚያ ከ60 ዓመት በኋላ ጭንቅላቱ ራሱ የለም፣ ሕዋሳቱ ግን ናስ ይመታሉ። ጋለሪው ውስጥ ማይክሮፎን አለ። የሰሌዳዎቹ ድምፅ፣ የጎብኚው ወሬ፣ ሳል ሳይቀር ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ ወደ ሕዋሳቱ ይመለሳል። እነሱም በፈንታቸው ይመልሳሉ።

ደም እንዴት አንጎል ይሆናል ትለኛለህ። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው አሳየው። ያደገን ሕዋስ ወስደህ ጥቂት ጂኖች ስትጨምርበት ወደ ጨቅላነቱ ይመለሳል፣ ምንም ሊሆን የሚችል ስቴም ሴል ይሆናል። በ2012 ኖቤል ተሸለመበት። በ2013 ደግሞ ማደሊን ላንካስተርና ዩርገን ክኖብሊሽ ቪየና ላይ ከእንዲህ ያለ ሴል የአንጎል ኦርጋኖይድ፣ ማለትም አንጎል መሰል ትንሽ የሕዋሳት ጓል፣ አበቀሉ። ሕዋሳቱ ምግባቸው በተዘጋጀ ፈሳሽ ውስጥ ሲቀመጡ በራሳቸው ይደራጃሉ። ብዙ ግን አያድጉም። የደም ሥር ስለሌላቸው ከጥቂት ሚሊሜትር ሲያልፉ መሀላቸው ምግብና ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል። ይህን ያዝልኝ፣ ሙሉ አንጎል በቀለ የሚል ወሬ ሲመጣብህ ይጠቅምሃል።

ቤን-አሪ ከዚህ በፊትም ሞክሮታል፣ ያኔ በራሱ ላይ። ከክንዱ ቆዳ አስቆርጦ ወደ ነርቭ ሕዋስ አስቀየረውና ከሲንተሳይዘር ጋር አገናኘው። በ2015 እዚሁ ፐርዝ ዳረን ሙር ከሚባል ድራመር ጋር መድረክ ወጡ። ድራመሩ ሲመታ ሕዋሳቱ በኤሌክትሪክ ይሰሙታል፣ እነሱ የኤሌክትሪክ ምልክት ሲያወጡ ሲንተሳይዘሩ ይጮሃል። አንተ ብትሆን መጀመሪያ የምትጠይቀው ቅኝቱን እንደሆነ አውቃለሁ። ቅኝት የለውም።

አሁን ደግሞ ወደ ገንዘቡ እንምጣ። እዚሁ አገር ሜልበርን ኮርቲካል ላብስ የሚባል ኩባንያ አለ። በ2022 ወደ 800,000 የሚጠጉ የሰውና የአይጥ የነርቭ ሕዋሳት ቺፕ ላይ አስቀምጦ ፖንግ አጫወታቸው። ያቺን ኳስ የምትመልስባትን የድሮ ጌም። ያስተማሩበት መንገድ ገርሞኛል። ኳሷን ሲመልሱ ሥርዓት ያለው፣ የሚጠበቅ ምልክት ይሰጣቸዋል። ሲስቱ የተዘበራረቀ ጫጫታ ይለቀቅባቸዋል። ሕዋሳቱ ጫጫታውን የሚሸሹ ይመስል ቀስ በቀስ እየተሻሻሉ ሄዱ። ተመራማሪዎቹ በጽሑፋቸው ላይ ስሜት እንዳለው ፍጡር አድርገው ሲገልጿቸው ሌሎች ሳይንቲስቶች እዚያው መጽሔት ላይ ተቃውሞ ጻፉባቸው። እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። ከጫጫታ መራቅና መከፋት አንድ አይደሉም።

በ2025 ሕዋሳቱን በሳጥን አሽገው እንደ ኮምፒውተር ለገበያ አቀረቡ፣ ወደ 35,000 ዶላር። ስዊዘርላንድ ቬቬ ላይ ያለው ፋይናልስፓርክ ደግሞ ያከራያል። የእነሱ ኦርጋኖይዶች እያንዳንዳቸው ከጤፍ ፍሬ ያነሱ ናቸው፣ ወደ 10,000 የነርቭ ሕዋስ ይይዛሉ። ተመራማሪው አገሩ ተቀምጦ በኢንተርኔት ምልክት ይልክላቸዋል። ሽልማታቸው ዶፓሚን ነው፣ አንጎል ሽልማት ሲያገኝ የሚያወጣው ኬሚካል። ወር በወር የሚከፈልበት የአንጎል ኪራይ ማለት ነው፣ የቤት ኪራይ አልበቃ ብሎን። ምክንያታቸው መብራት ነው። የሰው አንጎል በ20 ዋት ገደማ ይሠራል፣ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማሽኖች ግን የከተማ መብራት ይበላሉ። እውነት አላቸው። ግን እስካሁን እነዚህ ሕዋሳት የሚሠሩትን ሥራ ተራ ቺፕ ከእነሱ በተሻለ ይሠራዋል። በዚያ ላይ ይሞታሉ።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ ጋ ስንደርስ ሰውየው ይጠፋል። ጋለሪው ውስጥ የባለቤቱን ስም፣ ሥራውን፣ መቼ ደም እንደሰጠና ለምን እንደሰጠ አውቄ ነው የወጣሁት። ሳጥኑን የሚገዛው ሰው ግን ሴሉ ከማን መጣ ብሎ ይጠይቃል? ፎርም ተፈርሞ ይሆናል። በአንድ ወቅት ፎርምም አልነበረም። በ1951 ባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሄንሪየታ ላክስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት በካንሰር ስትታከም ሳትጠየቅ ሴል ወሰዱባት። በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ ሞተች። ሴሎቿ ግን እስከ ዛሬ በየላቦራቶሪው ይባዛሉ፣ ስንቱ ሀብታም ሆኖባቸዋል። ቤተሰቧ ሴሎቹን ሲሸጥ ከነበረ አንድ ኩባንያ ጋር የተስማማው በ2023 ነው። ሰባ ሁለት ዓመት ቆይቶ።

ስለዚህ የሉሲየር ጉዳይ ደስ ይለኛል፣ ግን እሱም ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። አንተ ብትፈቅድና በሦስተኛው ዓመት «በቃኝ» ልትል ብትፈልግ በምን ትላለህ? ሰው ሲሞት ፈቃዱ ባለበት ይደርቃል። ሕዋሳቱን ደግሞ አስቀምጠው እንደገና ማብቀል ይችላሉ። በእኛ አገር አርባ ይወጣል፣ ሙት ዓመት ይደርሳል፣ ተዝካሩ ይበላል፣ ሟች ያርፋል። የዚህ ሰውዬ ተዝካር መቼ እንደሚያልቅ የወሰነ ያለ አይመስልም።

አርቲስቶቹ ሉሲየር ከሞት በኋላም ይፈጥራል ሊሉን ይፈልጋሉ። እኔ ያንን አልቀበልም። እነዚያ ሕዋሳት ሚስቱን አያውቁም። ያቀናበረውን አንድ ዜማ አያስታውሱም። ዘሩ የሱ ነው፣ ኑሮው የሱ አይደለም። አንተን ክራር ያስተማረህ ደምህ ሳይሆን ሰፈራችን ነው፣ አባትህ እየጮሁብህ፣ ጎረቤት በር እየደበደበ። ከደምህ አንጎል ቢያበቅሉ «ትዝታ»ን ከባዶ ነው የሚጀምረው፣ ያውም ጣት ሳይኖረው። ቢሆንም እውነቱን ልንገርህ፣ ያ ናስ ሲመታ ቆሜ ሰማሁት። እንደማላምን እያወቅኩ ቆሜ ሰማሁት። ባለቤቴ ጎትታ ነው ያወጣችኝ፣ የመኪና ማቆሚያው ሰዓት አልቆ።

እና ጥያቄዬ ይሄው። መጥተው «ትንሽ ደም ስጠን፣ ከአንተ በኋላ የሚጫወት ነገር እንሠራለን» ቢሉህ ትሰጣለህ? እኔ ራሴን ጠይቄ ነበር። ለጋለሪ ቀነ ገደብ ተጽፎ ከሆነ አስብበታለሁ። ለሚከራይ ሳጥን ግን አልሰጥም፣ ከሞትኩ በኋላ ደግሞ ፈረቃ አልገባም። አንተ ከማዘርህ ጋር ተማከርና መልሱን በድምፅ ላክልኝ። እሳቸው የሚሉትን ለብቻ ቅዳልኝ፣ ሳታሳጥር።

የእማማን ጉልበት ሳምልኝ። ለቤቱ ሰው ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ስልክህ ከተቀየረ አዲሱን ጻፍልኝ፣ በድሮው ደውዬ አንዲት ሴትዮ ተቆጥታኝ ዘግታብኛለች።

ያንተው፣
ከፐርዝ