ግልጽ ደብዳቤ፦ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ሸማች አይደለም ወይ?

ለሸማቾች ጥበቃ ሥራ ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ እንደተነገረኝ ሆኖ ያልተገኘውን መኪና በተመለከተ ያቀረብኩት አቤቱታ ምላሽ ስለማጣቱ

ክቡር ኃላፊ፣

በዚህ ጉዳይ ስጽፍልዎ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም። የቀደሙት ማመልከቻዎቼ በመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቷቸው ገብተዋል፤ የገቢ ማኅተም ያረፈባቸው ቅጂዎችም በእጄ ይገኛሉ። በጽሑፍ የተሰጠኝ መልስ ግን እስከ ዛሬ የለም። በቃል ደጋግሜ የሰማሁት «ሻጩ ግለሰብ ስለሆነ ጉዳዩ እኛን አይመለከትም፤ ፍርድ ቤት ይሂዱ» የሚለውን ነው። ይህንን የነገረኝ አንድ ባለሙያ ብቻ ቢሆን ኖሮ የግለሰብ ስሕተት ነው ብዬ ወደ አለቃው እሄድ ነበር። ጉዳዩ የተመራላቸው ሁሉ ያንኑ ስለደገሙልኝ ግን የመሥሪያ ቤቱ አቋም ነው ብዬ ለመውሰድ ተገድጃለሁ። አቋሙ ከሕጉ ጋር የሚጋጭ ነው። በግል ያቀረብኩትን አቤቱታ በአደባባይ ለማቅረብ የወሰንኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

የገዛሁት ያገለገለ ቶዮታ ቪትዝ ነው። እኔ ደመወዝተኛ ነኝ፤ ገንዘቡ የተገኘው ከእቁብ፣ ከባለቤቴ ቁጠባና ከዘመድ ከተበደርነው ነው። መኪና ያስፈለገን ለቅንጦት አልነበረም። እናቴ የኩላሊት እጥበት ስለሚከታተሉ በታክሲ ሰልፍ ማመላለሱ ከአቅማቸው በላይ ሆኖብን ነው። የመኪና መሸጫው በቴሌግራም ያወጣው ማስታወቂያ «ቀለሙ ያልተነካ፣ ምንም አደጋ ያልደረሰበት፣ 96 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ፣ ከአንድ ሰው እጅ የወጣ» ይላል። ማስታወቂያው ከነፎቶው በእጄ አለ፤ ከማመልከቻዬ ጋርም አያይዤዋለሁ። ከመግዛቴ በፊት መካኒክ ይዤ ሄጄ ሞተሩን አስፈትሻለሁ፤ ምንጣፍ ማንሳትንና ሽፋን መፍታትን ግን የመሸጫው ሰዎች «ያልተነካ መኪና አታስነኩብን» ብለው ከልክለዋል።

መኪናውን በተረከብኩ ሰሞን መሪው ወደ አንድ ጎን እየሳበ ስላስቸገረኝ እንደገና ወደ መካኒኩ ወሰድኩት። መካኒኩ የኋላ ዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ አንስቶ ትርፍ ጎማውን ሲያወጣ፣ ከሥሩ ያለው ላሜራ ከሌላ መኪና ተቆርጦ የተበየደ ሆኖ አገኘው። ብየዳው በሞረድ ተስተካክሎ፣ ስቱኮ ተለስኖበትና ቀለም ተረጭቶበት ነበር፤ መካኒኩ በጥፍሩ ሲፍቀው ስቱኮው እየተፈረፈረ ወደቀ። ቀጥሎ ወደ ዳሽቦርዱ ሄደ። ቁልፍ ሲዞር የኤርባግ መብራት ለአፍታ በርቶ መጥፋት ነበረበት፤ በእኔ መኪና ግን ጭራሽ አይበራም። ሽፋኑን ሲፈታው ከሾፌሩ አጠገብ በሚቀመጠው ሰው ፊት ኤርባግ አልነበረም። ክፍቱን ነው። የጉድለቱ ምልክት እንዳይታይም የመብራቱ ገመድ ተቆርጧል። ከሾፌሩ ወንበር ሥር ካለው ምንጣፍ በታች ደግሞ የዚሁ መኪና ሰሌዳ ቁጥር የተጻፈበት የዘይት መቀየሪያ ካርድ ተገኘ፤ ካርዱ ላይ የሰፈረው 214,300 ኪሎ ሜትር ነው።

ክቡር ኃላፊ፣ እናቴ ሲቀመጡ የነበሩት በዚያ ክፍት ቦታ ፊት ነው። ገመዱን የቆረጠው ሰው ምን እንደሚሠራ ያውቅ ነበር። ገመድ በእርጅና ሊበጠስ ይችላል፤ ኤርባግ ግን በእርጅና ተነቅሎ አይሄድም፣ ኪሎ ሜትርም በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ አይቆጥርም።

የመሸጫው ባለቤት ይህንን ስነግረው የሰጠኝ መልስ የእናንተ ባለሙያዎች በኋላ ከሰጡኝ ጋር አንድ ነው። «እኛ አገናኝ ነን፤ ሻጩ በሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው» አለኝ። በሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ውጭ አገር እንደሚኖር የተነገረኝ የዚያን ዕለት ነው፤ ውሉን በውክልና የፈረመልኝም ከመሸጫው ጋር የሚሠራ ሰው ነው። መሸጫው የንግድ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ሰቅሏል፣ ግቢው በመኪና ተሞልቷል፣ በየቀኑ ማስታወቂያ ያወጣል፣ ዋጋ ይደራደራል፣ ቀብድ ይቀበላል፣ ኮሚሽን ይወስዳል። ኃላፊነት ሲመጣ ግን ራሱን ከመሀል አውጥቶ እኔንና አይቼው የማላውቀውን ሰው ለብቻችን ያስቀምጣል። በዚህች ከተማ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ሁሉ ይህንን አሠራር ያውቀዋል። እርስዎም ያውቁታል ብዬ አምናለሁ፤ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበት ጉዳትም የመካስ መብት አለው። የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 22 ደግሞ ነጋዴ የዕቃን አዲስነት፣ ሞዴል፣ የአገልግሎት መቀነስ፣ መለወጥ ወይም እንደገና መሠራት እንዲሁም ያገለገለ መሆኑን በትክክል አለመግለጽን ይከለክላል። ከእኔ የተደበቀው ይኸው ነው፤ የአገልግሎቱ መጠን በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ፣ እንደገና መሠራቱም በስቱኮ ሥር ተሸሽጓል። ሻጩ ነጋዴ አይደለም የሚባል ከሆነ ደግሞ፣ የአገራችን የንግድ ሕግ ከ1952 ጀምሮ የድለላን ሥራ ከነጋዴ ሥራዎች አንዱ አድርጎ እንደሚቆጥረው ለመሥሪያ ቤቱ ማስታወስ የእኔ ድርሻ መሆን አልነበረበትም። መኪና መሸጥን ሙያው አድርጎ ለትርፍ የሚሠራ ሰው በሌላ ሰው ሊብሬ ስለሸጠ ብቻ ከነጋዴነት የሚወጣ ከሆነ፣ በአገሪቱ ውስጥ ያገለገለ መኪና የሚሸጥ አንድም ነጋዴ አይገኝም፤ አዋጁም ለመኪና ገዢ ጭራሽ አልወጣም ማለት ነው።

«በአሁኑ ይዞታው አይቼና ፈትሼ ገዝቻለሁ» የሚል ሐረግ በውሉ ላይ ስለሰፈረ አቤቱታዬ ዋጋ እንደሌለው የነገሩኝም አሉ። ይህ ሐረግ ለውል ጸሐፊዎች ከማሽናቸው የማይጠፋ ጽሑፍ ነው፤ ገዢው እንዲወጣለት ቢጠይቅ ሽያጩ ይፈርሳል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ሽያጭ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ባስቀመጣቸው ድንጋጌዎች ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ሻጩ ጉድለቱን አውቆ በደበቀ ጊዜም ከዋስትናው ነጻ የሚያደርገው የውል ቃል ውጤት እንደማይኖረው ይደነግጋል። የተቆረጠ ገመድ መደበቅ ካልሆነ ምን ሊባል እንደሚችል የሚያስረዳኝ ባለሙያ አላገኘሁም።

ፍርድ ቤት መሄድ መብቴ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን አዋጁ ሸማችን የሚጠብቅ አካል ያቋቋመው፣ እንደ እኔ ያለው ሰው ለዳኝነትና ለጠበቃ የሚከፍለው ገንዘብ እንደማይተርፈው ታውቆ ነው። አዋጁ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ እኔም ጊዜው ሳያልፍ መሸጫውን በጽሑፍ ጠይቄ የደብዳቤውን ግልባጭ ለእናንተ አስገብቻለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ በጉድለት ምክንያት ለሚቀርብ ክስ የሰጠው ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ከነገ ዛሬ እጠራለሁ እያልኩ ደጃችሁን ስጠና ይህ ጊዜ እየነጎደ ነው። ጉዳዩ አይመለከተንም የምትሉ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ልትነግሩኝ ይገባ ነበር፤ በጽሑፍ የሌለ መልስ ይግባኝ ሊባልበት አይቻልም።

ነገሩ የእኔ የአንድ ሰው ችግር ብቻ ቢሆን በዚህ መጠን ባልጮህኩ ነበር። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት ውድ አድርጎታል፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የእነዚህን ውሳኔዎች ጥቅም የምከራከርበት ቦታ ይህ አይደለም። ውጤታቸው ግን ግልጽ ነው፤ ከእንግዲህ በነዳጅ የሚሠራ መኪና የሚገዛ ኢትዮጵያዊ የሚገዛው በአገር ውስጥ ሲነዳ የኖረውን ነው። መኪኖቹ በየዓመቱ እያረጁ፣ እየተጋጩና እየተጠገኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፤ ዋጋቸው ግን አይወርድም። ማታለል የሚያተርፈው እንዲህ ባለ ገበያ ነው። መንግሥት ገበያውን በዚህ መልክ ሲዘጋው ገዢውን የሚጠብቀው ክፍልም ከቀድሞው በላይ መንቃት ነበረበት።

«ቦሎ አለው አይደል?» ለሚሉኝም አንድ ነገር ልበል። ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ፍሬንን፣ መብራትንና የመሳሰሉትን ያያል፤ መኪናው ተገጭቶ የተቀጠለ መሆኑን ለገዢ አይናገርም። በሊብሬው ላይም የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ ቀለምና የባለቤት ስም እንጂ የደረሰ አደጋ አይመዘገብም። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ክፉኛ የተጎዱ መኪኖችን ካሳ ከፍለው በጨረታ ይሸጣሉ፤ ጨረታውን ያሸነፈ ሰው ጠግኖ ገበያ ሲያወጣቸው ያ ታሪክ ተከትሏቸው አይመጣም። የእኔም መኪና በዚያ መንገድ አልፎ ይሆን ብዬ ስጠይቅ ደንበኛ ስላልሆንኩ መረጃው እንደማይሰጠኝ ተነግሮኛል። ይህንን መረጃ በሕግ ጠይቆ ማግኘት የሚችለው እንደ እናንተ ያለ መሥሪያ ቤት ነው፤ እስከማውቀው ድረስ ግን ለእኔ ጉዳይ አልተጠየቀም። በጨረታ የተሸጠ መኪና ታሪኩ በሊብሬው እንዲሰፍርና የመኪና መሸጫዎች የኪሎ ሜትሩን፣ የአደጋውንና የኤርባጉን ሁኔታ በፊርማቸው አረጋግጠው ከውሉ ጋር እንዲያያይዙ ማድረግ ከባድ ሥራ አይደለም።

ለራሴ ጉዳይ የምጠይቀው ይህንን ነው። የመሸጫው ባለቤት ተጠርቶ በአንቀጽ 22 መሠረት ይመርመር። መኪናው ገለልተኛ በሆነ ባለሙያ ይታይ፤ እንዳልነካካው ብዬ ስላላስጠገንኩት ብየዳው፣ የተቆረጠው ገመድና የዘይት ካርዱ እንዳሉ ናቸው። ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ውሳኔ ይሰጥ። መሥሪያ ቤቱ ጉዳዩ ከሥልጣኔ ውጭ ነው የሚል ከሆነም የትኛውን የሕግ አንቀጽ መሠረት እንዳደረገ ጠቅሶ፣ በኃላፊ ፊርማና በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ ይስጠኝ። ያንን ደብዳቤ ይዤ ወደሚቀጥለው አካል የምሄደው ለክስ የተሰጠኝ ጊዜ ከማለፉ በፊት መሆን ስላለበት፣ ምላሽዎን በዚህ ወር ውስጥ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አመልካቹ፣ አዲስ አበባ