የዚያ ጎራዴ ነገር

ደሴ፣ ጥቅምት 9

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ በእናቴ ወገን እግዚአብሔር ይመስገን፣ በአባቴ ወገን አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ። ጦሳ ዛሬም ጉሙን ተከናንቦ አላየንህም እንዳለ ነው።

አምስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ መቅረቴን በሥራ ብዛት ላሳብብ ነበር፤ ግን አንተ ውሸቴን ከሩቅ ስለምታውቀው ተውኩት። እውነቱን ልንገርህ፤ አኩርፌህ ነበር። ያኮረፍኩትም ለቴአትር ከእሳት የወጣ እንዲመስል በቀባሁት በዚያ ጎራዴ ምክንያት ነው።

ሳትረሳው አትቀርም። ተዋንያኑ በተሰበሰቡበት ጎራዴውን ከእጄ ተቀበልክና አገላብጠህ አይተህ፣ «ይህ ከእሳት የወጣ ነው ወይስ ከሰርግ ቤት?» አልክ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሦስት ቀን ደክሜበታለሁ፤ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ፣ እያንዳንዱን በብሩሽ ወፈር አድርጌ ከጫፍ እስከ እጀታ ደርድሬዋለሁ። አሁን ሳስበው የነጠላ ጥለት ነበር። አንተ በያጅ ነህ፤ እሳት ብረት ላይ የሚጽፈውን በየቀኑ ታነባለህ። እኔ ከሐሳቤ ፈጥሬ ሳሳይህ ሌላ ምን ልትል ኖሯል?

በዚህ ክረምት ተማሪዎች የመቅደላን ታሪክ ሊጫወቱ ተነሡና ቁሳቁሱን እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። በመጨረሻው ትዕይንት፣ በሚያዝያ 1860 እንግሊዞች አምባውን አቃጥለው ከወረዱ በኋላ፣ አንዲት ሴት ከአመዱ መካከል ጎራዴ ታነሣለች። አንድም ቃል አትናገርም፤ ወደ ብርሃኑ ቀና አድርጋ ታየዋለች፣ መጋረጃው ይዘጋል። እንግዲህ አስበው፤ የትዕይንቱ ንግግር በሙሉ እኔ በምቀባው ስለት ላይ ወደቀ። የሰርግ ቤቱ ቀልድህም ጆሮዬ ላይ መጥቶ ተቀመጠ።

በዚህ ጊዜ ቀለም ከማንሣቴ በፊት ብረቱን ራሱን ልጠይቅ አልኩ። ባለቤቴ ቡና ልትቆላ ከሰል አያይዛ ነበር። አንድ ስንዝር ተኩል የምትሆን የላሜራ ቁራጭ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ መስተዋት አስመስዬ፣ አንዱን ጫፍ ፍሙ ውስጥ ሰካሁና ሌላውን በጉጠት ያዝኩ። «ቡናው ብረት ብረት ቢል ለጎረቤት መልስ የምትሰጠው አንተ ነህ» አለችኝና ምጣዷን ወደ ዳር ሳብ አደረገች።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ ከፍሙ አፍ ላይ የጤፍ ገለባ የመሰለ ቢጫ ብቅ አለ። አልቆመም፤ ወደ እጄ መራመድ ጀመረ። እርሱ የለቀቀውን ቦታ ቡናማ ያዘው፣ ከቡናማው ኋላ ሐምራዊ መጣ፣ ከሐምራዊው ኋላ ጥልቅ ሰማያዊ፣ ፍሙ አጠገብ ደግሞ ሁሉም አልቆ አመድማ ግራጫ ብቻ ቀረ። ተራው አይዛነፍም። ገለባማው ሰፊና ደብዛዛ ነው፤ ሐምራዊው ከጣት ጥፍር ያነሰ ጠባብ መስመር ሆነ። እኔ ያኔ አራት አራት ጣት አድርጌው ነበር!

ለተራ ብረት ገለባማው 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይመጣል፣ ቡናማው ወደ 260፣ ሐምራዊው ወደ 280፣ ሰማያዊው ወደ 300። አንተ የምትበይደው ስቴንለስ ከዚህ እጅግ የበለጠ ሙቀት እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ ሳትቀድመኝ ልናገር ብዬ ነው። ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ብረቱ ላይ ቀለም የሚባል ነገር የለም። ሙቀቱ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር አገናኝቶ እጅግ ስስ ሽፋን ያለብሰዋል፤ ብርሃኑ ከፊሉ ከሽፋኑ ላይ፣ ከፊሉ ከሥሩ ይመለስና ሁለቱ ሲገናኙ አንዱን ቀለም አጥፍተው ሌላውን ያጎላሉ። ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ የሚያሳየው ቀለም ዓይነት ነው። ሽፋኑ በወፈረ ቁጥር ቀለሙ ይለወጣል። ታዲያ ወፍራም ዘይት ቀለም ቀብቼ ያንን ላመጣ? ብረቱን ቀብሬ ስለ ብረት ማውራት ነበር የያዝኩት።

ስለዚህ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለም መፈለግ ነበረብኝ፤ ያገኘሁትም ከወጥ ቤትና ከመድኃኒት ቤት ነው። ለገለባማው እርድ በአልኮል በጠበጥኩና በጨርቅ አጠለልኩ። ለሐምራዊው ልጆች ሆነን ጉልበታችን በተላጠ ቁጥር ይቀቡን የነበረውን ጂቪ፣ ለሰማያዊው የማኅተም ቀለም ወሰድኩ። አናጢዎች እንጨት የሚያሳምሩበት በአልኮል የሚሟሟ ቫርኒሽ ውስጥ ጠብ ጠብ አደረግኳቸው። ስለቱ እንጨት ነው፤ ስቱኮ ለብሶ፣ ተፈትጎ፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ከተቀባ በኋላ ነው አሉሚኒየም ቀለም የተነፋበት። ጥቁሩ ከሥር ባይኖር ብርማው አመድ ይመስል ነበር።

ቡናማውን ለብቻው አልሠራሁትም፤ የእርዱ ጠርዝ ላይ ቀጭን ጂቪ ሲያርፍበት ራሱ ቡናማ ሆነ። ይህን ሳይ ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ አጨበጨብኩ። ብሩሽ አልነካሁም፤ በጥጥ ነካ ነካ፣ ከዚያ ጠብቆ ሌላ ነካ ነካ። ከተቻኮልክ ቫርኒሹ የታችኛውን መልሶ ያሟሟውና ጭቃ ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ ጠርጌ ከብርማው ጀምሬያለሁ። ደግሞ መስመሮቹን ቀጥ አላደረግኳቸውም። ስስ የሆነው የስለቱ ጠርዝ ከወፍራሙ ጀርባ ቀድሞ ስለሚግል ቀለሞቹ በጠርዙ በኩል ወደ እጀታው ሮጥ ብለው ይቀድማሉ፣ በጀርባው በኩል ወደ ኋላ ይቀራሉ። በአእምሮዬ ጎራዴው ግማሹ የሚነድ ሣር ክዳን ሥር፣ ግማሹ ድንጋይ ላይ ወድቆ ነበር፤ ቀለሞቹን የሰበሰብኳቸው በሁለቱ ድንበር ላይ ብቻ ነው። እሳቱ ውስጥ የነበረው ጫፍ ግራጫና ጥቁር ነው፤ የከሰል ዱቄት አሸሁበትና ማብረቅረቁን ገደልኩት። እጀታው አካባቢ ንጹሕ ብረት ተውኩ።

ነሐሴ ደሴ ላይ ቫርኒሽ ማድረቅ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ጉሙ በበር ገብቶ ሥራዬን ወተት የተደፋበት አስመሰለው፤ እርጥበት ነው። መልሼ አጸዳሁና ጎራዴውን በጋቢ ጠቅልዬ በሚኒባስ ሐረጎን ወረድኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት «የታመመ ሕፃን ነው?» ብለው ጠየቁኝና አዎ ከማለት ሌላ መልስ አጣሁ፤ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ መረቁት። እዚያ ሞቃቱ አየር ላይ በአንድ ቀን ደረቀ።

ሴባስቶፖልንም በካርቶን ሠርተናል። ተማሪዎቹ እርሱንም ሰማያዊና ሐምራዊ አድርግልን ብለው ለመኑኝ፤ እምቢ አልኩ። ያ መድፍ ነሐስ ነው፣ የብረቱን ተራ ልጭንበት አልችልም። ቡናማና ጥቁር ሆኖ ቀረ። ተኮራርፈን ነበር፤ እኔ መቼም ማኩረፍ እችልበታለሁ።

በልምምዱ ቀን አዳራሹ መጨረሻ ወንበር ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። የመድረኩ ብጫ መብራት ሰማያዊውን በልቶት ግራጫ ሆኗል። ሌሊቱን ሰማያዊውን ሁለት ጊዜ ደረብኩበት፤ ቀረብ ብሎ ላየው በዛ፣ ከሩቅ ግን ልክ መጣ። መጋረጃው ሲዘጋ ማንም ስለ ቀለሙ አልተናገረም። ያን ጊዜ ነው አንተን ያሰብኩህ።

አንድ ጉድለት አለው፣ አልደብቅህም። እርድና ጂቪ ብርሃን አይችሉም። የሙከራ ጣውላዬን ግማሹን በወረቀት ሸፍኜ መስኮት ላይ ብተወው በሁለት ሳምንት ያልተሸፈነው በኩል ገረጣ። ጎራዴው አሁን በጥቁር ጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ይተኛል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ቁራጮች ልኬልሃለሁ። አንዱ በባለቤቴ ከሰል ላይ የጠቆረው ላሜራ ነው፣ አንዱ የቀባሁት እንጨት። በክብደት ስለምትለያቸው ሌላ ሰው ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥልህ፤ አንተ እጅህን ከኋላህ አድርገህ እያቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ጻፍልኝ። የሰርግ ቤቱን ቀልድ ብትደግመውም አሁን አላኮርፍም።

አብሮ አደግህ