አራዳ የአጭበርባሪ ስም አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሰልፍ ጥሶ የገባ፣ ብድር ወስዶ የጠፋ፣ በሰው ድካም ያተረፈ ሁሉ በየመገናኛ ብዙኃኑ «አራዳ» እየተባለ ሲሞገስ መስማት ያስቆጨኛል። ቃሉ ይህን አያውቅም።

አራዳ ሰፈር ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የከተማዋ ትልቁ ገበያ የቆመው ዛሬ ፒያሳ በምንለው፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። ቅቤው፣ ማሩ፣ ቡናውና በቅሎው ከየአገሩ ይጎርፋል፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ማርትሬዛ ብር በአሞሌ ጨው ይመነዘራል፤ አርመኑ፣ ግሪኩና ህንዱ ሱቅ ከፍተው ይነግዳሉ። እዚያ ያደገ ልጅ ሦስት አራት ቋንቋ ይሰማል፤ ብር ሲቀበል በንግሥቲቱ ምስል ላይ ያለውን የእንቁ ጌጥ አይቶ ደህናውን ከአስመሳዩ ይለያል፤ ከማንም ጋር ተግባብቶ ይውላል። «የአራዳ ልጅ» ይህ ነው። ውሎ አድሮ «ልጅ» የሚለው ተጣለና የሰፈሩ ስም የጠባይ ስም ሆነ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ መርካቶ ቢያዛውረውና ሰፈሩ ፒያሳ ቢባልም ስሙ ከሰው ላይ አልወረደም። ፒያሳን ረግጦ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ዛሬ አራዳ ይባላል።

(የገጠሩን ሰው «ፋራ» ብሎ መናቅን ግን ከዚህ ጋር አብሬ አልቀበልም። ያንን ገበያ ገበያ ያደረጉት እኮ ከየገጠሩ ጭነው የመጡት ናቸው።)

ሕዝቡ ቃሉን እንዴት እንደሚጠቀምበት አድምጡ። «አራዳ ናት፣ አትቀየምም።» «አራዳ ነው፣ ሳይነገረው ይገባዋል።» «አራዳ ሁን፣ እለፈው።» በሦስቱም ውስጥ ያለው ማስተዋልና ሆደ ሰፊነት ነው። በቅርቡ ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንዲት ተማሪ ሂሳብ ጎደላት። ረዳቱ መጮህ ሲጀምር ከኋላ የተቀመጡ አዛውንት ጎዶሎውን በትከሻዋ በኩል አሳልፈው ሰጡትና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እንዳታፍር ብለው ነው፤ ምስጋናዋንም አልጠበቁም። ረዳቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የአራዳ ልጅ» አለ። ማይክሮፎን ከጨበጡት ብዙዎች ይልቅ ቃሉን እሱ ያውቀዋል።

ይህን አሁን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰዋል፤ በአንድ ግቢ የኖሩ ጎረቤቶች በከተማዋ ዳርቻ ተበታትነዋል። ቃሉን ከእናት አባታቸው የሰሙት እነሱ ናቸው። ጋዜጠኞቻችሁ እነዚህን አዛውንቶች ባሉበት ፈልገው ያነጋግሯቸው፤ የሚሉትንም ሳታሳጥሩ አትሙልን። አጭበርባሪውን ደግሞ አጭበርባሪ በሉት፤ አማርኛ ለእሱ ስም አላጣም።

አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ