የትኛው ምግብ ነው ያስቸገረሽ? ለነፍሰ ጡሯ ልጄ

ልጄ፣ እንዴት ከርመሻል? ባልሽስ ደህና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የተውሻቸውን ምግቦች ዝርዝር አየሁት። ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ አኩሪ አተር፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት። ሥጋውን፣ እንቁላሉንና ወተቱን ድሮ ትተሻል። እንግዲህ የቀረሽ እንጀራ፣ ሩዝ፣ ድንችና ጎመን ነው። በዚህ ሁለት ነፍስ አይያዝም። ሥጋ ብዪ አልልሽም፣ ያንን ክርክር ዘግተነዋል። እንቁላል ብትጀምሪ ግን ደስታዬ ነው፤ ይህን አንዴ ተናግሬ አለፍኩ።

አዋላጅ ሆኜ ስሠራ እንደለመድኩት ከሚያስፈራው ልጀምር። አንድ ነገር በልተሽ ከንፈርሽ ወይም ምላስሽ ካበጠ፣ ቆዳሽ ሽፍ ካለ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ አለርጂ ነው፤ ለእኔ አትደውዪ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጪ። አንቺ የነገርሽኝ ግን ማታ ማታ ሆድ መንፋትና ቁርጠት ነው። እሱን እርግዝናው ራሱ ያመጣዋል። ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን አንጀትን ያዘገየዋል፣ ምግቡ ሲቆይ ጋዝ ይበዛል። ደግሞስ መንፋቱ የጀመረሽ የብረት ኪኒኑን መዋጥ ከጀመርሽ ወዲህ አይደለም? ብረት ሆድ ድርቀት ያመጣል፣ ይነፋልም። እንዳታቋርጪው፤ ዓይነቱን ወይም መጠኑን እንዲቀይሩልሽ ሐኪምሽን ጠይቂ። ምስኪኑ ምስር የሌላውን ዕዳ ተሸክሞ ይሆናል።

የማይስማማሽን ምግብ ይለይልኛል ብለሽ በገንዘብሽ ያሠራሽውን «አይጂጂ» የሚሉትን የደም ምርመራ እርሺው። የአለርጂ ሐኪሞች አይመክሩትም። ምግቡን መብላትሽን እንጂ እንዳልተስማማሽ አይናገርም። የምትወጂውን ሁሉ በቀይ ቢያሰምርብሽ ምን ይገርማል፣ ዘወትር የምትበዪው እሱን ነዋ!

ስንዴን ሳትመረመሪ መተውሽን ግን አልወደድኩትም። ሲሊያክ የሚባል በሽታ አለ፣ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚሉት ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት። ምርመራው ስንዴ እየበሉ ነው የሚደረገው፤ ካቆሙ በኋላ ደሙ ንጹሕ ሊመስል ይችላል። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ይህን አንሺ። ጤፍ ግሉተን የለውም፣ እውነት ነው። እዚያ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሱቅ የምትገዢው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት ይገባበታል። «ስንዴ ትቻለሁ» እያልሽ በእንጀራው ስትበዪው ከርመሽ ይሆናል። ባለሱቁን ጠይቂው።

ወደ ወጡ እንምጣ። ሽምብራውን አሳድረሽ ዘፍዝፊ፣ ውኃውን ድፊ፣ በአዲስ ውኃ ቀቅዪ። ከሚነፋው ስኳር የተወሰነው አብሮ ይደፋል። የነጭ ሽንኩርቱ መላ ሌላ ነው፤ ሆድ የሚነፋው ነገሩ በውኃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። ፍሬውን ለሁለት ሰንጥቀሽ በዘይት አቁላዪው፣ መዓዛው ሲወጣ ለቅመሽ ጣይው፣ በዘይቱ ወጥሽን ሥሪ። ውኃ ጠብ ካለበት በኋላ ብታወጪው ዋጋ የለውም። በቀይ ሽንኩርትም ይሠራል፣ ቁሌት የሌለው ወጥ ወጥ ነው ወይ ካላልሽ።

«ሕዝባችን ጾመኛ ነው፣ ግን ይወልዳል» ብለሽኛል። ልክ ነሽ፤ ጾማችን ግን ፋሲካ አለው። ቢ 12 ከእንስሳት ነው የሚገኘው፤ ጾም ሲፈታ እንቁላሉ፣ ወተቱና ሥጋው ይሞላልናል። ነፍሰ ጡር ስትሆኚ ደግሞ ቄሱም ጹሚ ብሎ አያስገድድሽም። ያንቺ ጾም ፍቺ ስለሌለው ቢ 12 መዋጥ ግዴታሽ ነው። ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮግራም እንዳይቀር። ብረት ከምግቡም ከኪኒኑም ተደምሮ በቀን ቢያንስ 27 ሚሊግራም ያስፈልግሻል። የቫይታሚኑን ጠርሙስ አገላብጠሽ 150 ማይክሮግራም አዮዲን እንዳለው አንብቢ፤ ሁሉም የለውም፤ ያ ሮዝ ጨውሽም አይተካውም። ቡናና ሻይ ብረቱን ስለሚይዙት ከምግብ ጋር አትጠጪ፤ ምስሩ ላይ ሎሚ ጭመቂበት። ቡናሽ ውስጥ ጤና አዳም እንዳይገባ፣ ለነፍሰ ጡር አይሆንም።

ወደዚያ ለሚመጣ ሰው ሁለት ሽሮ ሰጥቻለሁ። ቀይ ክር ያሰርኩበት ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የሌለው ነው። መጀመሪያ እሱን ሥሪ፣ ለሦስት ቀን ሌላ አዲስ ነገር አትጨምሪ። ሰላም ከሆንሽ ወደ ሁለተኛው እለፊ። በመጀመሪያው ከተነፋሽ ጥርጣሬው ጥራጥሬው ላይ ነው፣ በሁለተኛው ብቻ ከሆነ ሽንኩርቱ ላይ። የበላሽውንና የተሰማሽን ጽፈሽ ለሐኪምሽ ውሰጂ፣ ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያም ይላኩሽ። ለእኔም ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

እናትሽ